የረጅም ልቦለድ ሴራ በመታጠፊያዎቹ እንዴት ይቆማል?

የመጀመሪያ ረጅም ልቦለዴን ረቂቅ እንዲያነቡልኝ የሰጠኋቸው ጡረታ የወጡ የባቡር ጥገና ባለሙያ ነበሩ። በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው በረንዳ ላይ እየተቀመጡ 240 ገጹን በእርሳስ እያሰመሩ ጨረሱትና በመጨረሻው ገጽ ኅዳግ ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ውኃው ሁሉንም ፈታልህ፤ ሰዎቹ ግን ምን ሠሩ?» ረቂቁ የሚያልቀው በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን በመታበት ሌሊት ነበር። ባለዕዳውና አበዳሪው፣ የተጣሉት ወንድማማቾች፣ ምስጢር የደበቀችው ሚስት፣ ሁሉም በዚያ ሌሊት በጎርፍ ተጠርገው ጉዳያቸው ተዘጋ። እውነተኛው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈ፣ የከተማው ሰው እስከ ዛሬ በሐዘን የሚያነሣው አደጋ በመሆኑ መደምደሚያዬ ክብደት የሚያገኝ መስሎኝ ነበር። አንባቢዬ ግን ልክ ነበሩ። እኔ በሟቾቹ ሐዘን ተሸፍኜ ገጸ ባሕርያቴን ከውሳኔ አሳርፌአቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሴራ ማዋቀር የምጀምረው ከእርሳቸው ጥያቄ ነው፤ ከዚህ በታች የማቀርበውም ያንኑ የአሠራር መንገድ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። ታሪክ ስንል በልቦለዱ ዓለም ውስጥ የሆነውን ሁሉ በጊዜ ቅደም ተከተሉ ማለታችን ሲሆን፣ ሴራ ግን እነዚያ ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት ተሳስረው የሚቀርቡበት አደረጃጀት ነው። በሴራው ውስጥ መታጠፊያ የምለው ከእርሱ በኋላ ዋናው ገጸ ባሕርይ ወደ ቀድሞ ኑሮው መመለስ የማይችልበትን ነጥብ ነው። ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚወጣ ሰው የደንገጎን ዳገት ሲይዝ በየመታጠፊያው ከተማዋን ከታች ደጋግሞ ያያታል፤ ከአንዱ መታጠፊያ በኋላ ግን ዘወር ቢልም አያያትም። መንገዱ ብዙ ጊዜ ይታጠፋል፤ ሴራ ለሚያዋቅር ሰው ግን ቁም ነገሩ ከተማዋን ከዓይን የሚሰውራት ያ አንዱ መታጠፊያ ነው።

ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ ክስተትን ከመታጠፊያ ጋር ያምታታል። ሞት፣ አደጋ፣ ጦርነት፣ ሎተሪ፣ ድንገት የመጣ ዘመድ፣ እነዚህ ሁሉ ክስተቶች ናቸው። ክስተት በሰው ላይ ይደርሳል፤ መታጠፊያ የሚሆነው ግን ሰውየው ለደረሰበት ነገር የሚሰጠው ምላሽ ነው። ይህን ልዩነት በምሳሌ ለማሳየት አንድ ልቦለድ አብረን እንወጥን፤ ያንኑ የደቻቱን ጎርፍ እንውሰድና በዚህ ጊዜ በተገቢው ቦታው እናስቀምጠው።

ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሰዓዳ ናት እንበል። ዕድሜዋ 19 ሲሆን ከደቻቱ ዳርቻ አንድ ቅያስ ገባ ብሎ በሚገኝ ቤት ከአያቷ ጋር ትኖራለች፤ በሰው ሱቅ በቀን ሒሳብ ልብስ ትሰፋለች፤ ምኞቷ የራሷ የስፌት መኪና ነው። ጎረቤቷ አልማዝ በጅቡቲ ድንበር እስካለችው ደወሌ በባቡር እየተመላለሰች የምትነግድ ሴት ናት። አንድ ቀን አልማዝ ለንግድ ስትሄድ በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ገንዘብ ለሰዓዳ በአደራ ትሰጣለች። በሁለተኛው ሌሊት ጎርፉ ይመጣል፤ የአልማዝ ቤት ከነዕቃው ይሄዳል፤ ከሰዓዳ ቤት ግን ውኃው እስከ ጉልበት ደርሶ ይመለሳል፤ ቋጠሮው ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ እንደ ተቀመጠ ይተርፋል። እስከዚህ ድረስ ጎርፍ መጣ እንጂ ሴራው ገና አልታጠፈም።

መታጠፊያው በማግስቱ ነው። አልማዝ ከባቡር ወርዳ፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚቷን ውጦት፣ የቤቷ መሠረት ብቻ ከቀረበት ቦታ ላይ ቆማለች። ሰዓዳ መጥረጊያ እንደ ያዘች ከደጃፏ ብቅ ትላለች። አልማዝ አታለቅስም፤ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሰዓዳ፣ አደራዬስ?» ሰዓዳ እንደ ብዙ የድሬ ልጅ ታላቋን ሁሉ አንቺ እያለች ያደገች ልጅ ናት፤ አልማዝንም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከአንቺ ሌላ ብላት አታውቅም። አሁን ግን ዓይኗን ወደ ጭቃው ጥላ «ውኃ ወሰደው፤ ይቅር ይበሉኝ» ትላለች። አንባቢው ቋጠሮው የት እንዳለ ያውቃል፤ ከዚያም በላይ «ይበሉኝ» የሚለው ቃል ጆሮውን ይመታዋል። ጸሐፊው «ሰዓዳ ዋሸች» ብሎ መጻፍ አያስፈልገውም፤ ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ አብሮት የወጣው እንግዳ አክብሮት ሁለቱን ሴቶች አራርቋቸዋል። ከዚህች ቅጽበት በኋላ ሰዓዳ ወደ ትናንቷ ሰዓዳ ልትመለስ አትችልም፤ ቋጠሮውን ብታወጣ ሌባ ናት፣ ባታወጣ አደራ በላ ናት። የመጀመሪያው ዐቢይ መታጠፊያ እንዲህ ያለ መሆን አለበት፤ በአንድ ሰው ምርጫ የሚፈጸም፣ በትዕይንት የሚታይ እንጂ በትረካ የማይጠቀለል፣ በሩን ከኋላ የሚዘጋ።

ይህ ነጥብ ከመጽሐፉ መጀመሪያ ምን ያህል ይራቅ? ተደጋግሞ የሚሰጠው ልኬት መጽሐፉን በአራት ከፍሎ የመጀመሪያውን መታጠፊያ ከአንደኛው ሩብ መጨረሻ፣ ሁለተኛውን ከእኩሌታው፣ ሦስተኛውን ከሦስተኛው ሩብ መጨረሻ አካባቢ ማዋል ነው። በ300 ገጽ ልቦለድ ይህ ወደ 75ኛው፣ ወደ 150ኛውና ወደ 225ኛው ገጽ ይጠጋል። ልኬቱ ለመመርመሪያ ይጠቅማል እንጂ ሕግ አይደለም፤ እኔ ራሴ የመጀመሪያውን መታጠፊያ ከ50ኛው ገጽ በፊት ማድረስን እመርጣለሁ። ጎርፉን ግን ከዚያም አስቀድሞ፣ በመጀመሪያዎቹ 30 ገጾች ውስጥ ማምጣት ይቻላል፤ ምክንያቱም ገጸ ባሕርይን ችግር ውስጥ የሚከት አጋጣሚ አንባቢ በቀላሉ ይቀበላል። የማይቀበለው ከችግር የሚያወጣ አጋጣሚን ነው። በእኔ ረቂቅ ጎርፉ 230ኛው ገጽ ላይ ስለ ነበር ሠራተኛ ሳይሆን ገላጋይ ሆኖ ቀረ፤ ያው ጎርፍ ወደ 25ኛው ገጽ ሲመጣ ግን ሰዎችን ለሥራ ያስነሣል።

አሁን ወደ አሠራሩ ቅደም ተከተል ልመለስ። ልቦለዱ የሚጻፈው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ቢሆንም መታጠፊያዎቹ የሚወጠኑት ግን ከጡዘቱ ጀምሮ ወደ ኋላ ነው። ጡዘት ግጭቱ መጨረሻው ላይ ደርሶ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሁለት ውድ ነገሮችን በአንድ ጊዜ መያዝ የማይችልበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ደብተር ሲከፈት በመጀመሪያ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር «በመጨረሻ ይህ ሰው በማንና በማን፣ ወይም በምንና በምን መካከል ይመርጣል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መሆን አለበት። ለሰዓዳ ልቦለድ መልሴ ይህ ነው፦ «ሰዓዳ ዓመታት ሠርታ ያቆመችውን ስሟን በአደባባይ ጥላ የአልማዝን ስም ታነሣለች፣ ወይም ዝም ብላ ስሟን ይዛ ትቀራለች።» ይህ ከታወቀ ከፊቱ ምን መምጣት እንዳለበት ራሱ ይጠቁማል፤ ሰዓዳ የምትጥለው ስም እንዲኖራት መጀመሪያ ስም ማግኘት አለባት፣ የአልማዝም ስም እንዲነሣ መጀመሪያ መውደቅ አለበት። ጡዘቱን ሳያውቁ መጻፍ የሚመርጡ ጎበዝ ጸሐፊዎች መኖራቸውን አልክድም፤ እነርሱ ግን የመጀመሪያውን ረቂቅ ራሱን እንደ ውጥን ስለሚጠቀሙበት ይህንኑ ሥራ በሁለተኛው ረቂቅ ላይ ይሠሩታል።

በመጽሐፉ እኩሌታ የሚውለው መታጠፊያ ከሁሉ በላይ የሚበላሽ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ልውሰድበት። ከመጀመሪያው መታጠፊያ በኋላ ጸሐፊው ብዙ ጊዜ እንቅፋት በእንቅፋት ላይ እየደራረበ ይሄዳል፤ ሰዓዳ ወደ ሐረር ትወጣለች፣ በጀጎል ውስጥ ስሙን ከስፌት መኪኖች ድምፅ ባገኘው በመኪና ግርግር መንገድ ሱቅ ትከፍታለች፣ ደንበኛ ታጣለች፣ ታገኛለች፣ ደግሞ ታጣለች። ይህ ሁሉ እውነት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አንባቢው የሚጠይቀው ጥያቄ ከ60ኛው ገጽ ጀምሮ «ትያዝ ይሆን?» የሚል ብቻ ከሆነ እስከ 150ኛው ገጽ መሰልቸቱ አይቀርም። የእኩሌታው መታጠፊያ ተግባር ጥያቄውን መለወጥ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ፈላስፋው አርስቶትል ስለ ተውኔት ሲጽፍ የነገር መገልበጥንና ከአለማወቅ ወደ ማወቅ መሻገርን ለይቶ ካየ በኋላ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲደርሱ እጅግ የላቀ እንደሚሆን አስተምሯል። ጀርመናዊው ጉስታቭ ፍራይታግም በ1863 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ባለ አምስት ገቢር ተውኔትን ሲከፍል ከፍተኛውን ነጥብ ያስቀመጠው ከመካከል ነበር። ሁለቱም የተናገሩት ስለ ተውኔት እንጂ ስለ ልቦለድ ባይሆንም፣ መካከሉ ባዶ መተላለፊያ እንዳልሆነ ከእነርሱ መማር ይቻላል።

በሰዓዳ ልቦለድ እኩሌታው ላይ የሚሆነው ይህ ነው። አንዲት የድሬዳዋ ሴት ለሠርግ ልብስ ልታሰፋ ወደ ሱቋ ትመጣለች፤ ልኳ እየተወሰደ ስለ ቀድሞው ሰፈር ታወራለች፤ በወሬዋም መሐል አልማዝ የሰፈሩ ሴቶች ዕቁብ ገንዘብ ያዥ እንደ ነበረች፣ ከጎርፉ በኋላ ገንዘቡ ውኃ ወሰደው ብትል ያመናት እንዳልነበረ፣ ዕቁብ በላች ተብላ ከለቅሶም ከሠርግም እንደ ተገለለች ትናገራለች። ሰዓዳ ሜትሩን በሴትዮዋ ወገብ ዙሪያ እንዳዞረች ትቀራለች፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ታነብባለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳትጽፈው ትረሳዋለች። እስከ ዛሬ የአንዲት ሴት ገንዘብ የወሰደች ይመስላት ነበር፤ የወሰደችው ግን የብዙ ሴቶችን ገንዘብና የአንዲትን ሴት ስም ነበር። ከዚህ በኋላ አንባቢው «ትያዝ ይሆን?» ማለቱን ትቶ «ይህን እያወቀች እንዴት ትኖራለች?» ማለት ይጀምራል። ልብ ሰቀላው ከውጭ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ቀሪዎቹን 150 ገጾች የሚሸከመውም ይኸው ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ወሬው ክስተት ነውና ሰዓዳ ወዲያው የምትወስነው ነገር ሊኖር ይገባል። ገንዘቡን በድብቅ ለመመለስ ትወስናለች።

ሦስተኛው መታጠፊያ ገጸ ባሕርይዋ ከምትወድቅበት የመጨረሻው ጥልቀት ጋር ይገጥማል። ብዙ ረቂቆች እዚህ ላይ ወደ ክስተት ይመለሳሉ፤ አያት ትሞታለች፣ ሱቅ ይቃጠላል፣ ፖሊስ ይመጣል። ውድቀቱ ግን በመካከሉ ከተወሰደው ውሳኔ የተወለደ ካልሆነ አንባቢ ያዝናል እንጂ አይደነግጥም። ሰዓዳ ገንዘቡን አጠራቅማ ስሟን ሳትገልጽ፣ ያንኑ ጥንታዊ የነጠላ ቁራጭ ተጠቅማ በመልእክተኛ ለአልማዝ ትልካለች። የሰፈሩ ሴቶች ግን ቋጠሮውን ያዩታል፣ ጨርቁንም ያውቁታል። «ይኸው፣ ደብቃው ኖሯል!» ይላሉ። ለዓመታት ጥርጣሬ ብቻ የነበረው ነገር በሰዓዳ በጎ ሐሳብ ማስረጃ አገኘ። ጥሩ ሦስተኛ መታጠፊያ እንዲህ ነው፤ ገጸ ባሕርይዋ የቀረላትን ቀላል መውጫ ራሷ ትሞክረዋለች፣ ሙከራውም ራሱ መውጫውን ይደፍነዋል። ከዚህ በኋላ ከጡዘቱ በስተቀር የሚሄዱበት መንገድ የለም።

አራቱ ነጥቦች፣ ማለትም ሦስቱ መታጠፊያዎችና ጡዘቱ፣ ከተወሰኑ በኋላ በመካከላቸው ያሉትን ትዕይንቶች ማያያዝ ይቀራል። ለዚህ የምጠቀምበት መፈተኛ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ትዕይንት በአንድ ዓረፍተ ነገር በካርድ ላይ ጽፌ በግድግዳ ላይ በተርታ እለጥፋቸዋለሁ፤ ከዚያም ከአንዱ ወደ ሌላው ስሻገር በአፌ የሚመጣውን ማያያዣ አደምጣለሁ። «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» የሚል ከመጣ ሁለቱ ትዕይንቶች በምክንያት ተሳስረዋል፤ «ከዚያም» የሚል ከመጣ ግን የቆሙት በጊዜ ብቻ ነው። ሰዓዳ ሱቅ ከፈተች፣ ከዚያም ታመመች፣ ከዚያም ዳነች የሚል ሦስት ካርድ ቢገኝ ሦስቱም ይነሣሉ፣ ወይም ሕመሙ ከምስጢሯ ጋር ይያያዛል። እርግጥ ነው፣ አንድ ልቦለድ ጥቂት «ከዚያም» ሊሸከም ይችላል፤ የሐረር ገበያ ጠዋት፣ የአያትና የልጅ ልጅ ምሳ፣ የባቡር ጣቢያ ቆይታ ለራሳቸው ውበት ሊጻፉ ይገባቸዋል። ሁለት እንዲህ ያሉ ካርዶች ጎን ለጎን ሲገኙ ግን አንዱን አነሣለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ንግር፣ ማለትም ወደ ፊት የሚሆነውን አስቀድሞ በስውር መጠቆም ነው። የደቻቱ ጎርፍ ራሱ ስለ ንግር ብዙ ያስተምራል። ወንዙ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነገድበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ውኃው የሚመጣው ድሬዳዋ ላይ ከሚዘንበው ይልቅ ከላይ ከደጋው ከሚዘንበው ዝናብ ስለሆነ፣ ከተማው ሳይረጥብ ጎርፉ ከደጃፍ ሊደርስ ይችላል። ልቦለድም እንዲሁ ነው፤ በመታጠፊያው ገጽ ላይ የሚደርሰው ነገር ከብዙ ገጽ በፊት ከላይ መዝነብ አለበት፣ አንባቢውም ነጎድጓዱን በሩቁ ሰምቶ ችላ ብሎት ማለፍ አለበት። የነጠላው ቁራጭ በሦስተኛው መታጠፊያ ማስረጃ እንዲሆን ከተፈለገ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ አልማዝ ከዕቁብተኞቹ ጋር ተቀምጣ ገንዘቡን በእርሱ ስትቋጥር፣ አንዷም ሴት የጥለቱን ቀለም ስታደንቅ መታየት አለበት። ይህ ግን ከሦስት መስመር በላይ ሊወስድ አይገባውም፤ ጸሐፊው ሲጠቁም ከተያዘ ንግሩ ንግር መሆኑ ይቀራል። በተግባር ንግርን የማስገባው ረቂቁ ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሼ ነው፤ ያን ጊዜ ምን እንደሚያስፈልገኝ በርግጠኝነት አውቃለሁ።

ንዑስ ሴራ፣ ማለትም ከዋናው ጎን የሚሄድ ሌላ ትንሽ ሴራ፣ ካለ የራሱ መታጠፊያዎች ከዋናው ሴራ መታጠፊያዎች ጋር በአንድ ገጽ ላይ እንዳይገጥሙ ይሁን፤ በየመካከላቸው ቢውሉ መጽሐፉ ረግቦ የሚተኛበት ቦታ አይኖረውም። ምልሰትም፣ ማለትም ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን መተረክ፣ ቢሆን ከመታጠፊያ በፊት ሳይሆን በኋላ ይሻላል፤ ሰዓዳ ከዋሸች በኋላ አንባቢው ለምን እንደ ዋሸች ማወቅ ስለሚፈልግ የልጅነቷን ታሪክ በትዕግሥት ያነብባል፤ ከመዋሸቷ በፊት ግን ያንኑ ታሪክ ሊዘልለው ይችላል።

ረቂቁ ሲያልቅ አራቱን ነጥቦች አንድ በአንድ አውጥቶ መመርመር ያስፈልጋል። ይህን ነጥብ ባነሣው ቀጣዩ ገጽ ይቆማል? ከቆመ መታጠፊያ አልነበረም። የወሰነው ማን ነው? ዋናው ገጸ ባሕርይ ካልሆነ መጽሐፉ የማን እንደሆነ እንደገና ማሰብ ይገባል። ውሳኔው ምን አስከፈለው? ምንም ያላስከፈለ ምርጫ ምርጫ አይባልም። እኔ ያንን የመጀመሪያ ረቂቅ በዚህ መልክ ስመረምረው ከ240 ገጽ ውስጥ በሰው ውሳኔ የታጠፈ ቦታ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በንዑስ ሴራው ውስጥ የተቀበረ ነበር። መጽሐፉን እንደገና የጻፍኩት ከዚያ ነጥብ ተነሥቼ ነው።

የጡዘቱ አጻጻፍ ከሁሉ በላይ መቆጠብን ይጠይቃል። ሰዓዳ ከሐረር ወርዳ ከቀድሞዎቹ ዕቁብተኞች የአንዷ ለቅሶ ቤት ትገባለች፤ ሴቶቹ በሙሉ ተቀምጠዋል፤ አልማዝ ከድንኳኑ ውጭ፣ ማንም ከማይቀመጥበት ጥግ ለብቻዋ አለች። ሰዓዳ ንግግር አታደርግም፤ ንስሐዋንም አታብራራም፤ ይህን ሁሉ አንባቢው ቀድሞ ያውቀዋልና። ሁሉም እየሰማ «አልማዝ፣ አደራሽን የበላሁት እኔ ነኝ» ትላለች። በጭቃው ደጃፍ ላይ የጠፋው አንቺታ ከብዙ ዓመት በኋላ በዚህ ቃል ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ ያለው ልቀት፣ ማለትም ታሪኩ የሚቋጭበት ክፍል፣ አጭር ይሁን፤ በ300 ገጽ መጽሐፍ አሥር ገጽ ይበቃዋል። አልማዝ ይቅር ትበል አትበል ጸሐፊው ለአንባቢ ሊተወው ይችላል፤ ሴቶቹ ግን ለአልማዝ ቦታ ሲለቁላት፣ ሰዓዳም ከድንኳኑ ውጭ ባዶ በቀረው ጥግ ስትቀመጥ መታየት አለበት።